የቀን እንቅልፍ በገንደ ቆሬ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ የጥጥ ብናኝ ሲንሳፈፍ፣
ጣቴ ብቻውን ነቅቶ ክር ከክር ጋር ሲያቃቅፍ፣
ዓይኔ ተገልጦ ተኝቷል፣ ማንም ሳያውቅብኝ፤
ተቆጣጣሪው ሲያልፍ «በርቺ» አለኝ።

አምና መርየማ እንዲህ ቆማ ስታንቀላፋ
የጣቷ ጫፍ መኪናው ውስጥ ቀረ።
ዛሬም ትቀልዳለች፣
«ዘጠኝ ተኩል ነኝ» እያለች፣
ሻሿን በዚያው እጅ እያጠበቀች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰርቪሱ ሳቢያን ያራግፈናል፤
ከዚያ ባጃጅ፣ ሦስት ሆነን፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ይወጋናል።
ባለሱቁ «እንዴት አደርሽ?» ይለኛል።
ምን ልበለው?
ገና አላደርኩም።

ኢብሳ ሊወጣ ሲል እኔ እገባለሁ፤
በር ላይ ቁልፍ እንቀባበላለን፣
ስለ ውኃው፣ ስለ ሂክማ ጫማ ሁለት ቃል እንለዋወጣለን።
እሱ የተነሣበት ላይ እተኛለሁ።
ፍራሻችን አንድም ቀን በርዶ አያውቅም፤
ይህን የሰማ ሰው የሞቀ ትዳር ይለዋል።

መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ቸንክሬአለሁ፣
ብርድ በሌለበት አገር፣
ጨለማ እንዲሆነኝ ብዬ ነው የገዛሁት።
ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤
ላቤ አንሶላው ላይ የሰው ቅርጽ ይስላል።
«ቆራሌው!» ይላል አንዱ፣ በሩ ሥር ቆሞ።
በሸጥኩለት ነበር ይህን ግማሽ እንቅልፍ፣
በኪሎ የሚመዝን ቢሆን።
አደ ሩሚያ ልጆቹን ትቆጣልኛለች፦
«ዝም በሉ! ሴትዮዋ ተኝታለች!»
ከልጆቹስ ይልቅ የሚቀሰቅሰኝ
የእሷ ድምፅ ነው፣ አላህ ይስጥልኝ።

አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት፣ አንድ ሳምንት ሌሊት፤
ገላዬ አንዱን ሲለምድ ሌላው ይመጣል ሳይጠሩት።
ሆዴ ከሌሊቱ በዘጠኝ ምሳ ይለኛል፤
ምሳ ሲቀርብለት ቃር ሆኖ ይመልሰኛል።
ስም እረሳለሁ። ጨው ሁለቴ እጨምራለሁ።
አንድ ቀን ደቻቱ አሸዋ ላይ ቆሜ
ወደ የት እየሄድኩ እንደነበር ጠፋኝ፤
ወደ ሥራ ነበር? ወይስ ከሥራ?

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ዶክተሩ ክንዴን አስሮ ነፋ፣
ተነፈሰ፣ ደግሞ ነፋ።
«ግፊትሽ ከፍ ብሏል። ስኳርሽም ድንበር ላይ ነው።
ጨው ቀንሺ። ሌሊት ሌሊት በደንብ ተኚ።»
«ሌሊቱን ማን ይስጠኝ?» አልኩት።
ብዕሩን አስቀመጠ። ዓይኑን በመዳፉ አሸ፤
ቀይ ነበር፣ ደፍርሶ፣ ደቻቱ ሲሞላ እንደሚመጣው።
«እኔም» አለ «ከትናንት ማታ ጀምሮ እዚሁ ነኝ።»
ከዚያ አዛጋ። እኔም አዛጋሁ።
መድኃኒት የጻፈልኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ትምህርት ቤት «እናታችሁን ሳሉ» ተባሉ፤
ሌሎቹ ገበያ ላይ፣ ምድጃ ዳር፣ ሱቅ ውስጥ ሲስሉ
ሂክማ ዓይኗን የጨፈነች ሴት ሳለች።
«እናትሽ ታማለች?» ቢሏት፣
«አይ፣ ከሥራ መጥታ ነው» አለች።

ሥዕሉን ከፍራሹ ትይዩ ለጥፋዋለች፤
በባነንኩ ቁጥር የማያት ያቺን ሴት ነው።
ፀጉሯ ትራሱ ላይ ተበትኖ፣ አፏ ገርበብ ብሎ፣
አንድ እጇ ከአልጋው ወርዶ።
መስኮቷ ላይ ብርድ ልብስ የለም፤
ጥቁር ሰማይ፣ ሦስት ኮከብ አለ።
ልጄ ሌሊት አድርጋልኛለች።
እንዴት ትተኛለች ያቺ ሴት!
ቆርቆሮዋ አይንጣጣ፣ ቆራሌው አይጣራባት፣
ጣቶቿ አሥር ናቸው፣ ቆጥሬአቸዋለሁ።
ቀናሁባት።

ከምሽቱ ሦስት ተኩል ሆነ። ሰርቪሱ ጥሩምባ ነፋ።
ሻሼን አስሬ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣
በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት፣
እንዳልቀሰቅሳት።