ኸሪፍ

መዝገበ ቃላቱ «ኸሪፍ» ያለውን ቃል፣
«ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነው» ይለዋል።
ትርንጎና እኔ ይህንኑ አምነን፣
በወር አንዷን አርብ ለቢጫ መድበን፣
ከሳላላ ወጣን በጠዋት አውቶቡስ፤
ከመጨረሻው ፌርማታ በእግር፣ ግመሎች አሳልፈን፣ ቀስ በቀስ፣
ሹፌሩም ስሙን ከማያውቀው ፏፏቴ እስክንደርስ።

አንድም ቢጫ የለም።

ጉም ተራራውን ከወገቡ በላይ ውጦታል፣
ድንጋዩ ሳይቀር አረንጓዴ ለብሷል፤
ካፊያው በሐምሌ አመሉ አንገታችን ውስጥ ይገባል።
«ኧረ ይሄ ክረምት ነው!» ትርንጎ ጮኸች፣
ነጠላ ጫማዋን በእጇ እንዳንጠለጠለች።

እኔ ግን የሚረግፍ ነገር ፍለጋ ነበር አመጣጤ።
ኪሴን ስዳብስ፣
ርሳ የላመች ቢጫ ወረቀት ሾልካ ከጣቴ፣
በአየሩ ሁለቴ ዞረች፣
ውሃው ላይ አረፈች።

«ቅጠል!» አልኩ።

«መመለሻ ቲኬታችን ነበረች» አለች።