የፓስታው ድልድይ

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ፣ አምስት ኪሎ፣
ሰማዩ አሮጌ ቆርቆሮ መስሎ፣
አርባ ልጅ መጣ፣ ሻንጣውን በፌስታል ጠቅልሎ፣
ምህንድስና ሊማር፣ ክረምቱን ሙሉ እዚሁ አድሮ፣ እዚሁ ውሎ።

እኔ የቁልፍ ሰው ነኝ። የወርክሾፑ ጋሽ ይርዳው፤
ሠላሳ ዓመት ብረት የበየድኩ፣ ዲግሪ ግን ደጄን ያልረገጠው።
ማታ ዶርም እቆጥራለሁ፤ ተደራራቢ አልጋ፣ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ፤
«የማነው ይሄ ካልሲ?» እላለሁ፤
መልስ የለም፣ ሳቅ ብቻ፣ በብርድ ልብስ ሥር ሲነድ።

የመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ ነው፤ ይህን ማንም አይናገርም።
የክፍሉ አንደኛ፣ የወረዳው አንደኛ፣ የዞኑ አንደኛ፣
እዚህ ሲደርስ ሠላሳኛ፤
ስልኩን ይዞ ደረጃ ሥር ይቀመጣል፣
«ደህና ነኝ እማዬ፣ ምግቡም ጥሩ ነው» ይላል፣
አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርጋል።

ኑሃሚን ግን ከሩቅ አልመጣችም። ቤታቸው ግንፍሌ ወንዝ ዳር፣
ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት የሚታይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር።
«ያቺ ናት የኛ ጣሪያ፣ ጎማ የተጫነባት» ብላ ለሸምሲያ አሳየቻት፤
ሸምሲያ ከሐላባ ነው የመጣችው፤ «ታድለሽ!» ብላ ቀናችባት።
አንድ ቀን እናቷ በአጥሩ ቀዳዳ ቆሎ አቀበለቻት፤
ሕጉ ይከለክላል። እኔ ዞሬ ቱቦ ስቆጥር ነበር፤ አላየኋት።

በሦስተኛው ሳምንት መምህሩ፣
«ከፓስታ ድልድይ ሥሩ፣
ግማሽ ሜትር ክፍተት የሚሻገር፣ በኮላ ብቻ» ብሎ አዘዘ።
የወጥ ቤቷ የሺመቤት ሰምታ አማተበች፤
«በፍልሰታ መዳረሻ! የሚበላውን!» አለች።

በዚያው ሰሞን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ኑሃሚን መጋዝ ልትዋስ መጣች።
«ጋሽ ይርዳው፣ ጎማዋ የለችም» አለች።
የምን ጎማ? አልኩ።
መስኮቱን አሳየችኝ።
ግንፍሌ ዳር ቀይ አፈር፣ አንድ ቢጫ ዶዘር፣
ባሕር ዛፉ ብቻውን፣ የሚያጠላበት ጣሪያ አጥቶ።
«ኮንዶሚኒየም ደርሶናል፤ ደህና ነን። ሩቅ ነው ብቻ።
ቅዳሜ ዕቃ አውጥተዋል፤
ትምህርቷ እንዳይበተን ብለው ሳይነግሩኝ ቀርተዋል።»
መጋዙን ሰጠኋት። ሌላ ምን ነበረኝ?

የፈተናው ቀን ድልድዮቹ በሁለት ጠረጴዛ መሃል ተዘረጉ፣
ከሥራቸው ባልዲ ተንጠለጠለ፤ ልጆቹ አንገት አሰገጉ።
እኔ በጣሳ አሸዋ እጨምራለሁ።
የአንዱ በሦስት ኪሎ ቀጭ አለ፤ የሌላው ኮላው ሳይደርቅ ተንሸራተተ፤
የኡጁሉ ቡድን ስምንት ደረሰ፣ ጭብጨባው ዝናቡን ዋጠው።
የኑሃሚን አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። ዝም።
መምህሩ፣ «ይበቃል፣ አሸንፈሻል፤
በመዝጊያው ቀን ለእንግዶች ይታያል።»
እሷ፣ «ይጨመርበት» አለች፣
«የት ላይ እንደሚሰበር ካላየሁ አላውቀውም» አለች።
መምህሩ እኔን አየኝ። እኔ ጣሳዬን አየሁ።
ጨመርኩ።

አሥራ አራት ኪሎ ከሩብ። ሁላችን መሃሉን ስናይ፣
የሄደው ዳር ላይ ነው፣ እግሩ ጠረጴዛውን ከሚረግጥበት ላይ።
ፓስታው እንደ ጭራሮ ተበተነ፣ አሸዋው ጫማዬን ሞላው፤
ተንበርክካ ስባሪውን ለቀመች፣
ደብተሯ ላይ ሣለች፣ ቀስት አሰመረች፣ ቁጥር ጻፈች።
አላለቀሰችም።
ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ ያልኩት እኔ ነኝ።

ማታ ዶርም ቆጥሬ ስወርድ የደረጃውን ብረት ያዝኩት፤
በጎረምሳነቴ ነው የበየድኩት።
ስንቱ ተደግፎት ወጣ፣ ስንቱ ወረደ፤
አንድ ቀን ግን አልፈተንኩትም።
ከታች አንድ ልጅ በስልክ «ደህና ነኝ» ይላል።
በሁለት እጄ ጨበጥኩና ስድሳ ዓመቴን ጣልኩበት።
ሲጥ አለ።
የት ላይ እንደሆነ፣ በጨለማ፣ በጣቴ እየዳበስኩ ፈለግሁት።