ቃል አቀባይ

መዝገቡን ስከፍተው ጨው ጨው ይለኛል፣
መቶ ዓመት የሞላው ዓሣ ይሸተኛል።
በአይስላንድ ሰሜን፣ ከፊዮርዱ ጥግ ያለን
ፀሐይ በኅዳር ወር ደህና ሁኑ ብላን
ስትሄድ ነው ነገሩ። በእርሳስ የተጫረ፦
"ሰባት ሰው ተገኘ፤ አንዱ ግን ሰከረ።
ክረምቱ ረዘመ። ቴአትር ተመከረ።"

አዳራሹ መጋዘን፣ ሄሪንግ የሚታሸግበት፤
በርሜል ላይ ሳንቃ ነው፣ መድረክ የሚሉት።
ቶርግሪሙር አናጢው ንጉሥ ሆነ፤ ጺሙ
የዓሣ ቅርፊት ይዟል፤ አልማዝ ነው ቀለሙ።
ሕዝቡ "ድገም!" ቢለው አቧራውን አራግፎ
ሦስት ጊዜ ሞተ፣ ሰይፉን ተደግፎ።

መጋረጃ አልነበረም። በጥር አንዲት ጀልባ
መጣች፣ ሸራዋ ሙሉ፣ ሆዷ ግን ሰው አልባ።
አራቱ ሚስቶች ናቸው ሸራውን የፈቱት፣
አጥበው፣ ጠቅመው፣ ሰፍተው፣ መድረክ ፊት የሰቀሉት።
ያ ሸራ በተነሣ ቁጥር፣ ከፊት ወንበር
ሌላ ሰው ሲነሣ የሚያይ ሰው ነበር።

ሲጉርላውግን ግን ማንም አያያትም፤
ከሳንቃው ሥር ናት፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ አትወጣም፤
ፋኖስ በጉልበቷ፣ ጽሑፍ በመዳፏ፣
እግር እግር እያየች ቃል ይሰጣል አፏ።
ቃል አቀባይ አሏት። እውነት ነው፤ ቃሉን
አቀብላ አቀብላ አቆመችው ሁሉን፤
ገዳዩን፣ ዳኛውን፣ የሚያለቅሰውን ሕፃን፣
አርባ ሦስት ክረምት፣ አንድ ቀን ሳትታይ ለዓይን።

አንዴ የባንኩ ጸሐፊ ጉድዮን አፍቃሪ ሆኖ
ከሃልቤራ ፊት ቆመ፤ ምላሱ መንኖ
"እወድሻለሁ" የሚለው ጠፋበት።
ሹክ አለችው ከሥር። ዝም። ደገመችለት።
ሦስተኛው ላይ ጮኸች፤ ሰማት አገር ሁሉ፤
ከወለል ሥር ወጣ የአፍቃሪው ቃሉ።
መዝገቡ ቁጥብ ነው። ቀጣዩ መስመር እንዲህ ይላል፦
"በሐምሌ የጉድዮን ሠርግ ነበር።
ሙሽራዋ፣ ሲጉርላውግ።"

ከዚያ ዓሣው ጠፋ። በርሜሉ ባዶ ሆነ።
አንድ በጋ ጠበቅን፤ ሁለተኛው ባከነ፤
በሩን ቆልፎ ሄደ፣ ቁልፉንም ጥሎት፣
ዳኛው፣ ገዳዩ፣ ሃልቤራም ከነልጆቿ፣ በአንድ ሌሊት።
የዚያ ዓመት ገጽ አጭር ነው፦
"ተዋናይ፣ አሥራ ሁለት።
ተመልካች፣ ዘጠኝ፣ ውሻውን ጨምሮ።
ውሻው እስከ መጨረሻው ቆየ።"

በሃምሳኛው ዓመት ከጉድጓድ አወጧት፤
አበባ ሰጧት፤ መብራት አበሩባት፤
"ተናገሪ!" አሏት።
ቆመች። አየችን። ፊታችን እንግዳ ሆነባት፤
እሷ የምታውቀው ጫማችንን ነበር።
አፏ ተከፈተ። ዝም አለ ሁሉ በር።
ጎንበስ ብላ ጉድጓዱን አየች፤
የሚያቀብላት የለም፤ ባዶውን ነው።
ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ
መሰላሉን ወረደች፤ ፋኖሱም በራ።
ከሥር መጣ ድምፅዋ፣ በሹክሹክታ፣
ሁላችንም ወደ ወለሉ ጎነበስን፦
"አመሰግናለሁ።
ሸራው ጫፉ ላይ ተቀዷል። ስፉት።"

አሁን ጉድጓዱ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ።
ጉልበት ያሳምማል፤ ከዚህ በቀር ደህና ነኝ።
ዝቢግኒየቭ፣ ከፖላንድ፣ ከፋብሪካው ፈረቃ
የላስቲክ ጓንቱን አውልቆ ንጉሥ ነው፣ ማታ ማታ።
ቋንቋችን ከአፉ ይሰበራል፤ ሹክ እለዋለሁ፤
ግማሹን ይሰማል፤ ግማሹን ይፈጥራል፤
ሕዝቡ ግን ያለቅሳል፣ ማልቀስ ባለበት ቦታ።
ሲሞት ብቻ፣ ሲሞት፣
በእናቱ ቋንቋ ነው የሚሞት።
ያኔ ጽሑፉን እዘጋለሁ፤
እዚያ ላይ ማንም ቃል አያቀብለውም።

ዛሬ እንዲህ ጻፍኩ፣ በዚያው መዝገብ፣ በእርሳስ፦
"አሥራ አምስት ሰው ተገኘ።
እስካሁን ማንም አልሰከረም።
ጣሪያው ያፈሳል። ምስማር ይገዛ።"