አንድ ሽንኩርት ለሃያ ዓይን

መብራት ከሄደብን ሦስት ሳምንት አልፎታል፤
በኩታይሲ ጥር ቀለም በብልቃጡ ይረጋል።
ቤተ ሙከራው ግን አልተዘጋም ነበር፣
ማይክሮስኮፖቹ የጥንት ስለነበር፤
አምፑል አያውቁም፤ ከሥራቸው ያለች
በጣት የምትዞር ክብ መስተዋት አለች፣
ከመስኮቱ ለምና
ብርሃን ታበድራለች።
ያ የናቅነው እርጅና
በዚያ ክረምት ዋለልን፣ ውለታ ሆነና።

አንድ መስኮት ብቻ ነው ካርቶን ያልተለጠፈበት፤
ጠረጴዛውን ሁሉ ገፍተን ወሰድንለት።
ታች ሪዮኒ ያጓራል፣ በረዶ ተሸክሞ።
ደመና ሲጋርዳት «ሄደች!» ይላል አንዱ፣
ሃያ ዓይን ይነቀላል ከሌንሱ ላይ፣ ቀድሞ
ፀሐይን ለመፈለግ።

ጺያላ፣ የዕቃ ክፍሏ ሴት፣ ከካፖርቷ ሥር
እንደ እንቁላል ታቅፋ ስታሞቀው የነበር
የአዮዲን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።
መምህራችን ላማራ ሽንኩርት ይዛ መጣች።
አንድ።
ለሃያ ሰው አንድ።
በምላጭ ከፈለችው፤ ከየድርቡ መሐል
ትንፋሽ የሚገፋው፣ እዚህ ግባ የማይባል
ስስ ገለፈት ልጣ፣
እንዳይደርቅም ውሃ በጠብታ ሰጥታ
በየመስታወቱ አስተኛችው።
የቀረውን ሽንኩርት
በጋዜጣ ጠቅልላ ኪሷ ስትከት
ሁላችን አይተናል። ማንም አልሳቀባት።
ቤቷ የሚጠብቅ አለ፣ ያ ነው የማታ እራት።

መጀመሪያ ያየሁት ሽፋሽፍቴን ነበር፤
ጥቁር፣ ጎበጥ ያለ፣ ጫፉ የሚሰወር።
በሹል እርሳስ ሣልኩት፣ «ሴል» ብዬ ጻፍኩበት።
ላማራ ደብተሬን አየች በቁም ነገር ፊት፦
«እንኳን ደስ ያለሽ» አለች፣ «ራስሽን አገኘሽ፤
አሁን ሽንኩርቱን ፈልጊ፣ ዓይንሽን ሸሸት አድርገሽ።»

ብሎኑን አዞርኩት። ጭጋጉ ተገፎ
መጣ፤ ግንብ በግንብ ላይ፣ ረድፉ ተሰልፎ፣
ልክ እንደ ሰፈራችን ፎቆች፣ እንደ ጨለሙት።
በየክፍሉ ውስጥ አንድ ክብ ጥላ
ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።
መጽሐፉ ኒውክለስ ነው ይላል። ለእኔ ግን
መብራት የሚጠብቅ ሰው መሰለኝ።

ሁለተኛው ሙከራ ዳቦ ይፈልጋል።
(ዳቦ በዚያ ክረምት በስም ይታወቃል።)
ጺያላ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተሰልፋ
ካገኘችው ድርሻ ቆርሳ፣ አሳልፋ
ሰጠች፤ ሃያ ቁራሽ፣ ጥፍር ጥፍር የሚያህል።
አዮዲኑ ጠብ ሲል ነጩ ይጠቁራል፣
እንደተመታ ዓይን ሰማያዊ ይመስላል፤
ስታርች አለ ማለት ነው።
አንዳንዱ ፊቱን አዞረ፤ እህል ማበላሸት ነው።

ቆጠርን። አሥራ ዘጠኝ።
የጉራም ሳህን ባዶ።
ጉራም አንገቱን ደፍቷል፣ ጉንጩ ነፋ ብሏል፤
ለመዋጥም አፍሯል፣ ለመትፋት ሳስቷል።

«እንዳትውጠው» አለች ላማራ፣ «አላምጠው።
እናንተ ቁጠሩ፣ እስከ መቶ፤ ሰዓቱ ቆሟልና።»
ቆጠርን። ትንፋሻችን በብርዱ እየጨሰ፣
ሰማንያ... ዘጠና... መቶ ላይ ተደረሰ።
«ምን ይላል?»
ጉራም ዓይኑን ገለጠ።
«ጣፈጠ።»

በቀዘቀዘ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦
ስታርች ረጅም ሰንሰለት፤ ከሥሩም ጨመረች፦
ምራቅ ሲፈታው፣ ቀለበቱ ስኳር።
«ጉራም፣ ሙሉ ማርክ» አለች። ከዚያ ቆየት ብላ፦
«አንድ ጊዜ የሆነ ማስረጃ አይሆንም፤
ያልተደገመ ሙከራ ሙከራ አይባልም።»
ጺያላን አየቻት። ጺያላ ዘንቢሏን አየች፣
ብዙ ቆየች እያየች።
ከዚያ የቀረውን ዳቦ ሁሉ አወጣች።

ሃያ ሆነን ቆመን፣ ዓይናችንን ጨፍነን፣
እስከ መቶ ቆጠርን፣ ምራቃችንን አምነን።

ደብተሬ ዛሬም አለ፤ ሠንጠረዡ ይነበባል፦
ሃያ ስም፣ ሃያ ጊዜ «ጣፈጠ» ይላል።
ከሁሉ በታች ግን የላማራ ረድፍ ባዶ ነው።
ቁራሽ ይዤ ሄጄ ነበር። አልተቀበለችኝም።
«አንድ ሰው ሳይቀምስ ይቀራል» ነው ያለችው፤
«ማነጻጸሪያ ነው።»