ምርመራ

ስሜ ቱዬት ነው፤ ትርጉሙም በረዶ፤
አባቴ ያወጣው በሬዲዮ ሰምቶ፣ ቃሉን ብቻ ወዶ።
በረዶው ያለው ከወንዙ ራስጌ፣ ሩቅ ተራራ፤
እኔ ግርጌው ነኝ፣ ሜኮንግ ከባሕር ከሚገጥምበት በር ጋራ።

ጎሕ ሳይቀድ በፊት ከብረቱ መዝጊያ ድልድይ ላይ ቆሜ፣
ባልዲ እሰዳለሁ፤ መለኪያ ነክሬ ቁጥሩን እጽፋለሁ ከነስሜ።
ቀን፣ ሰዓት፣ ማዕበል፣ ጨው በሊትር ስንት ግራም፤
ከጥጉ «ምርመራ» የምትል ጠባብ ዓምድ አለች፣ ማንም አይሞላትም።

የሽማግሌው የሎክ መለኪያ ግን ምላሱ፤
በመዳፉ ጠልቆ፣ ጉንጩ ውስጥ አዙሮ ይተፋና፣ ከች ይላል መልሱ፦
«ሁለት ነጥብ አንድ።» መሣሪያዬ ሁለት ነጥብ ሁለት ይላል።
«ባትሪሽን ቀይሪ» ብሎኝ፣ እየሳቀ ታንኳውን ይቀዝፋል።

ድሮ ጨው የሚመጣው ከአዲስ ዓመታችን በኋላ፣ እንደ እንግዳ ነበር፤
ዝናብ ሲጥል፣ ሳይነግሩት፣ ይሄድ ነበር።
አሁን ከበዓሉ ቀድሞ ይገባል፣ ደጅ ሳይጠና፤
ስልሳ ኪሎ ሜትር ሽቅብ፣ እስከ አማቴ ሩዝ፣ እስከ ዱሪያኑ ዛፍ ሥር ይዘልቅና
ያደርቀዋል ቆሞ፣ ቅጠሉ እንደ ብራና ተኮማትሮ።
ጨው እዚህስ ለራሱ ሲል ጣፈጠ፤ ድንጋይ ነህ ብሎ የሚጥለው ማን ነው ደፍሮ?

ከሁሉ የሚገርመኝ፣ ወንዙ ጠራ።
ቡናማ ነበረ፣ ደለል የጠገበ፤ ዘንድሮ እንደ መስታወት አበራ።
ከከተማ የመጡ ጎብኚዎች «ውብ ነው!» ብለው ፎቶ አነሡ፤
ደለሉ ከላይ ግድብ ቀርቶበት፣ የተራበ ውሃ ዳር ዳሩን ይቆረጥማል በጥርሱ።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የዲየም ማድ ቤት የሄደው እንዲያው ነው፦
ማታ ሳህን አጥባ ተኛች፤
ጠዋት፣ ከምድጃው ወዲያ፣ ወንዝ ነው።

ቅጹ ይህን አይጠይቅም። እኔ ግን ባዶዋ ዓምድ አሳዘነችኝና ጻፍኩባት።
«ሰኞ፦ ዓሣ አጥማጇ ወፍ፣ ሰማያዊዋ፣ ከመዝጊያው ምሰሶ ጠፋች።»
«ሐሙስ፦ የባሕር ሸርጣን ሩዝ ቦይ ውስጥ አየሁ፤ እንደ ቤቷ ተዝናንታ ተኝታለች።»
«እሑድ፦ እንቁራሪት የለም። ዝምታው ሌሊቱን ጆሮዬን አመመኝ።»
ከቢሮ በቀይ ቀለም፦ «ምርመራ ውሃውን የተመለከተ ይሁን» ብለው መለሱልኝ።

ዛሬ አራት ነጥብ ስድስት።
ታንኳው ከምሰሶው እንደታሰረ ነው። ሎክ ትናንት በአውቶቡስ ሄደ፣ ልጁ ወዳለበት ፋብሪካ፣ ከተማ።
ቁጥሩን ጻፍኩ። ሰዓቱን ጻፍኩ። ቀዘፋው እንዲሰማኝ ቆየሁ፤ ምንም አልተሰማ።
ጠባቧ ዓምድ ላይ፦ «ሎክ ዛሬ አልቀመሰም።»
ውሃውን የተመለከተ ነው።
አልሰርዘውም።