የይታይሽ ቢላ

የመጀመሪያው እጀታ፣ እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር፤
ከዋንዛ ጠርቤ፣ በብርጭቆ ወረቀት ስፈትገው ሳድር፣
ለአራቱ ጣቶች አራት ጎድጓዳ አውጥቼ፣
ለአውራ ጣት ማረፊያ ጥቂት አጉብጬ፣
የተልባ ዘይት አጠጣሁት ሦስት ቀን፣
ወዙ ሲወጣ አየሁና «በቃ» አልኩ፣ «ይኸው ሆነልን።»

ፖሊ ያስተማሩኝ ሰው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣
አገላብጠው አገላብጠው፣ «ሥራ ማለት ይሄ ነው!» አሉ፤
አንዱን ከመስታወት ሣጥን አኖሩት፣ ከሥሩ ስሜን ጽፈው።

ሌላውን ከቢላ ጋር አጣብቄ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ከፋሲሎ በባጃጅ
ወረድኩ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ከጀልባዎቹ ደጅ፣
ዓሣ ከሚገፈፍበት፣ ሻላዎች ከሚኮለኮሉበት፣
ቅርፊት እንደ ሳንቲም ከጭቃው ላይ ከተለጠፈበት።

ይታይሽ ድንጋይዋ ላይ ተቀምጣለች፤
በቀን ሰማንያ ቀረሶ፣ አምባዛ ሲመጣ ደግሞ የቻለችውን ትገፍፋለች፤
የቢላዋ እጀታ ጨርቅ ነው፣ ፌስታል ነው፣ የክር ጥርቅም፤
የጣቷን ጠባሳ ብቆጥር ብቆጥር አልጨርስም።

ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለች ጎንበስ ብላ፤
በቀኟ ያዘችው፤ አንድ ቀረሶ ፊሌቶ አወጣች ቀስ ብላ።
«ይመቻል?» ስላት፣ «ይመቻል፣ ልጄ።»
«ይመቻል» ብዬ ጻፍኩ። አልተንቀጠቀጠም እጄ።

በሳምንቱ ብመለስ አሮጌው ቢላ ነው ከመዳፏ ያለው።
የኔውማ ከዳሱ ጣሪያ ተሰክቷል፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣
እንደ ክታብ፣ ለክብሩ ሲባል እንዳይነካ ተብሎ።
«ይህን ያህል የደከምክበትን፣ በዓሣ ደም ላጨማልቀው?»
ያሳሳተኝ መጠየቄ ነበር፤ ዘግይቼ ነው ያወቅሁ።

ያን ቀን ደብተሬን ዘጋሁ። ከተገለበጠ ታንኳ ጀርባ፣
ደንገል ደንገል ከሚሸት ጥላ፣ ቁጭ አልኩ ጀምበር እስክትገባ።
እንግዳው ሄዷል ብላ ስታስብ፣ ቢላው ተሻገረ
ከቀኝ ወደ ግራ፤ እጇም እንደ ዋናተኛ ተወረወረ።

ግራኝ ናት!
ኋላ ነገረችኝ፦ በልጅነቷ በመቀነት ከወገቧ አስረውባት፣
«በግራ መስጠት ነውር ነው» ብለው እየቀጧት፣
ሰው ፊት ቀኝ፣ ብቻዋን ግራ፣ አርባ ዓመት እንዲህ ኖራ፤
እኔ አራት የቀኝ ጎድጓዳ ጠረብኩላት፣ ለዚያውም ስኮራ።
የለካሁትስ የማንን መዳፍ ነበር? የራሴን።
ስም አውጥተውላታል «ይታይሽ» ብለው፤
ያልታየው ግን እኔው ነኝ፣ ሜትር የያዝኩት ሰው።

ሁለተኛው አያምርም። ጎድጓዳ የለው፣ ግራ ቀኙ አንድ፤
ደንደን ያለ፣ አጭር፣ ልክ እንደ ተቆረጠ ግንድ፤
ከባጃጅ ጋራዥ የለመንኩት የከመነዳሪ ቁራጭ ለብሷል፣
ዓሣው ቢያሟልጭ እንኳ ነክሶ ይቀመጣል።
ልኩን የሰጠችኝ እሷ ናት፣ በአፏ ሳይሆን በጭቃ፦
አንድ እፍኝ የሐይቅ ጭቃ ጨብጣ አቀበለችኝ፣ በቃ።
ከመስታወት ሣጥን ይሄኛው አይገባም፤
መምህሬ አዩት፣ ዝም አሉ፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ወር ቆይቼ ሄድኩ። ቢላው ቆሽሿል፣ ቅርፊት ለብሶ፣
ጎማው ከአንድ ጥጉ ተቦጭቆ፣ በሲባጎ ታስሮ ተመልሶ።
«እንዴት ነው?» አላልኩም። እሷም ስለ ቢላው ቃል አልተነፈሰች፤
ሰው ፊት ነበረች፣ ሦስት ገዢ፣ አንድ ቄስ፤ በግራዋ ትገፍፋለች።

ቀና ሳትል፣ «አንተ ልጅ» አለች፣ «እንደ ሻላ ምን ቆመህ?
ይሄ የምቀመጥበት ድንጋይ ወገቤን በላው፤ ይሄስ አይታይህ?»

ሜትሬን ከኪሴ አወጣሁ፤ መልሼ ከተትኩት።
እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትነሣ፣
ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ እስኪመሽ ሞከርኩት።