ረጅም መብራት

ጣርማ በርን ሠላሳ ዓመት በኤንትሬ ወጥቻለሁ፤
ጉሙን አውቀዋለሁ።

ደብረ ብርሃን፣ ሐኪሟ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቀለች፤
«ዕጢው ከስሟል» አለች።
ጣቷ ግን ነጩ ላይ ቀረ።
«ይኸስ?» አልኳት።
«ጉም በለው።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሲሉ እንስቅ ነበር፤
የኔው ውሻ፣ በመርፌ የፈታነው፣
ጅቡ ሲሸሽ ዞሮ
የበረቱን ጥጃ ነከሰ፣
ትንፋሼን።

አሁን ጠዋት ጠዋት ክኒን፤ ውሻ ማሰሪያ።
«ታዲያ ጅቡ ቢመለስስ?» አለች ወይንሐረግ።
ሐኪሟ የብዕሯን ክዳን ገጠመች።

የቤታችን ደረጃ ሰባት ነው።
ሦስተኛው ላይ ቆሜ አስታወስኩ፦
በጉም ውስጥ ረጅም መብራት አይበራም፣
ነጭ ግድግዳ ነው የሚያሳይህ።
ዝቅ አድርገው።
አንደኛ ማርሽ።
የፊትህን ሁለት ክንድ አስፋልት ብቻ እመን።